የታተመ ሸራ «በእጅ የተሣለ» ተብሎ አይሸጥ

ክቡር አዘጋጅ፣

በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በሰበታና በገላን በተከፈቱ አዳዲስ የሠርግ አዳራሾች፣ የእንግዳ ማረፊያዎችና ካፌዎች ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል እየበዛ መጥቷል። ጥሩር (የብረት ልብስ) የለበሰ ፈረሰኛ፣ ቀሚሷ መሬት የሚጠርግ እመቤት፣ የድንጋይ ግንብ፣ ጀልባ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ልጃገረድ። የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝን የሚያሳዩ የታወቁ ሥዕሎች ቅጂዎች ናቸው። እነዚህን ሥዕሎች በብሩሽ መገልበጥ እንጀራችን ነው፤ ሰው ስለወደዳቸውም ደስ ይለናል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ግን ሌላ ነገር ነው። ብሩሽ ሳይነካቸው ከማተሚያ የወጡ ሸራዎች «በእጅ የተሣለ» ተብለው፣ በእጅ ሥራ ዋጋ፣ ያለ አንዳች ጽሑፍ እየተሸጡ ነው። ገዢው በምን እንደሚለይ፣ ሻጩም ምን መጻፍ እንዳለበት በጋዜጣዎ በኩል ለማሳወቅ እንወዳለን።

አሠራሩ ይህ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ በትልቅ ማተሚያ ሸራ ላይ ይታተማል። ቀጥሎ ወፍራም፣ መልክ የሌለው ጄል በሰፊ ብሩሽ ይለቀለቅበታል። ጄሉ ሲደርቅ የብሩሽ ጭረት የሚመስል ሸንተረር ይቀራል። ገዢው በጣቱ ዳስሶ ሲሻክርበት ቀለም ነው ብሎ ያምናል። የታተመ ሸራ መሸጥ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ አቅሙ ለዚያ የሆነ ሰው ቤቱን ቢያሳምርበት ማንም አይከፋም። የምንቃወመው ስሙን ነው።

ለመለየት የስልክ መብራት ይበቃል። ገዢው ክፍሉን ያጨልምና መብራቱን ከሥዕሉ ጎን፣ ሸራውን ሊነካ እስኪደርስ አስጠግቶ አግድም ያብራበት። በእጅ በተሣለው ላይ ጥላ ያለበት ቦታ ስስ፣ ብርሃን ያረፈበት ወፍራም ሆኖ ይታያል፤ ሠዓሊ ጥላውን በቀጠነ ቀለም ጀምሮ ነጩን መጨረሻ ላይ አጥግቦ ስለሚያኖር ነው። ሸንተረሩም ቅርጽ ይከተላል። በፈረሱ አንገት ላይ አንገቱን ተከትሎ ይታጠፋል፣ በቀሚሱ እጥፋት ላይ ወደ ታች ይወርዳል። ጄል በተለቀለቀበት ላይ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰማዩም ፊቱም ግንቡም እኩል ይሸነተራሉ። ለምሳሌ በፈረሰኛው ክንድ ላይ የታሰረው ቀይ መቀነት ከብረቱ ልብስ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ብቻ ቢያዩ በቂ ነው። በእጅ የተሣለው ላይ ቀዩ በግራጫው ላይ ተደርቦ ትንሽ ከንፈር ይሠራል። የታተመው ላይ የሁለቱ ቀለሞች ድንበር ከጄሉ ሥር ጠፍጣፋ ሆኖ ተኝቶ፣ ሸንተረሩ ድንበሩን አቋርጦት ያልፋል።

አሁንም ጥርጣሬ ከቀረ የስልኩን ካሜራ የእመቤቲቱ ጉንጭ ላይ አስጠግቶ ፎቶ ማንሳት ነው። ፎቶው ሲሰፋ ቆዳዋ በጥቃቅን ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ ማተሚያ ነው። ሻጩ ያንኑ ሥዕል ሁለተኛ ካለው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ደግሞ ክርክሩን ይዘጋል፤ አንድ ሰው አንድን ሥዕል ሁለት ጊዜ ሲገለብጥ የቅጠሉ ቁጥር እንኳ እኩል አይወጣለትም።

ስለ ሥዕሎቹ ማንነትም የሚነገረው ብዙ ስሕተት አለበት። ሻጮች «የ13ኛው መቶ ዘመን ሥዕል» ሲሉ እንሰማለን። አብዛኞቹ ግን የተሣሉት በ19ኛው መቶ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ ነው፤ ሠዓሊዎቹ ከእነሱ ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ የነበረውን ዘመን አስበው ነው የሣሉት። በጣም የሚፈለጉት ሁለቱ የለንደኑ ኤድመንድ ብሌር ሌይተን ሥራዎች ናቸው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው በ1900 የተሣለው «ጎድ ስፒድ» ነው፤ እመቤቲቱ ለዘመቻ በሚወጣው ፈረሰኛ ክንድ ላይ ቀይ መቀነት ስታስር ያሳያል፤ በእኛ አነጋገር «መንገድህን ያቅናልህ» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው የ1901 «ዚ አኮሌድ» ነው፤ ንግሥት በተንበረከከ ወጣት ትከሻ ላይ ሰይፍ አሳርፋ የፈረሰኝነት ማዕረግ ስትሰጠው። የጀልባዋ ልጃገረድ ጆን ዊሊያም ዋተርሃውስ በ1888 የሣላት «የሻሎት እመቤት» ናት፤ ዋናዋ ለንደን ቴት ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች። ታሪኳ ከንጉሥ አርተር አፈ ታሪክ የተወሰደ እንጂ የሆነ ነገር አይደለም። ዓይኗ ታስሮ አንገቷን ልትሰጥ የምትዳብሰው ወጣት ደግሞ ለጥቂት ቀናት የእንግሊዝ ንግሥት የነበረችው ሌዲ ጄን ግሬይ ናት። ፈረንሳዊው ፖል ደላሮሽ በ1833 ሣላት፤ ለንደን ናሽናል ጋለሪ አለች። እሷ በ1554 የተገደለች በመሆኗ ከመካከለኛው ዘመን በኋላ ነች። ግድያው በደጅ የተፈጸመ ሆኖ ሳለ ደላሮሽ በጨለማ ክፍል ውስጥ አድርጎ ሥሎታል። ገልባጭ ይህን የማረም ሥልጣን የለውም፤ ያለውን እንዳለ ያወጣል፤ ገዢው ግን ማወቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነን ጥፋት እዚህ ነው። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የተወጠረ ሸራ 100 በ70 ሴንቲ ሜትር ነው። ሥዕሎቹ ግን ለዚህ ልክ አልተሣሉም። «ጎድ ስፒድ» 160 በ116 ነው፤ ቁመቱን 100 ካደረግነው ወርዱ 72.5 መሆን አለበት። 70 ላይ ሲጨመቅ የፈረሱ እግር በትንሹ ይረዝማል፤ እሱስ ዓይን ያልፈዋል። «ዚ አኮሌድ» ግን 182.3 በ108 ነው፤ ለ100 ቁመት የሚገባው ወርድ 59.2 ብቻ ነው። ይህን 70 ላይ የሚለጥጥ ሰው ንግሥቲቱን በመቶ 18 ያህል ያሰፋታል። ቀጥ ብላ፣ ቀጭን ሆና ካልቆመች ደግሞ ሥዕሉ ሞተ፤ የሰይፉ ክብደትና የወጣቱ ዝቅ ማለት ሁሉ የሚለካው ከእሷ ቁመት ነው። «የሻሎት እመቤት» 153 በ200 ናት፤ ለ100 ወርድ 76.5 ቁመት ትፈልጋለች። 70 ላይ ስትቆረጥ ወይ ከላይ ዛፉ ወይ ከታች ውኃው ይጎድላል። ስለዚህ ልኩ አስቀድሞ ይሰላ፣ ቴላዮው (ሸራው የሚወጠርበት የእንጨት ፍሬም) በዚያ ልክ ይሠራ። ገዢም ሲያዝዝ «ለግድግዳዬ 100 በ70» ከማለት አንዱን ጎን ብቻ ተናግሮ ሌላውን ለሠዓሊው ይተው።

ቴላዮ የሚሠራው ከደረቀ የጽድ ወይም የግራቪሊያ ጣውላ ነው። እርጥብ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ርካሽ ነው፤ ሥዕሉ ከተሰቀለ በኋላ ግን እየደረቀ ይጠመዘዛል፣ አንዱ ማዕዘን ከግድግዳው ይነሣል። ሸራው የሚነካው የእንጨቱ ውስጠኛ ጠርዝ ተልጎ ዝቅ ማለት አለበት፤ ካልሆነ ከጊዜ በኋላ የእንጨቱ መስመር በሥዕሉ ፊት ላይ ይወጣል። አንድ ጎኑ ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ መሐል ላይ ማገር ይገባል። ማዕዘኖቹ አይጣበቁም፤ ሽብልቅ የሚገባበት ክፍተት ይተውላቸዋል። ለ100 በ72.5 ሥራ 112 በ85 ያህል ጨርቅ ይቆረጣል፤ በየጎኑ 6 ሴንቲ ሜትር የሚታጠፍ ማለት ነው። ሲወጠር ከአራቱም ጎን መሐል ይጀመርና በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ወደ ማዕዘኖቹ እየተሄደ በስቴፕለር ይመታል። ከአንድ ማዕዘን ጀምሮ ዙሪያውን የሚመታ ሰው ሸራው ሰያፍ ተስቦ ይጨማደድበታል።

ጨርቁ ከተልባ እግር ቢሆን ይመረጣል፤ ጥቅጥቅ ያለ አቡጀዲም ይሠራል። ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው ግርፉ ላይ፣ ማለት ከሥዕሉ በፊት ጨርቁ የሚቀባው መነሻ ልባስ ላይ ነው። ብዙዎች ለቁጠባ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ይቀቡታል። እሱ ጠመኔው ብዙ፣ ማያያዣው ጥቂት ስለሆነ ዘይቱን ከቀለሙ ውስጥ ይመጥጣል፤ ጥቁሩ ደብዝዞ አመድ ይመስላል፣ ሸራው ሲተጣጠፍም ቅርፊቱ ይራገፋል። ትክክለኛው የሠዓሊ ግርፍ ሦስት ጊዜ በስሱ ይቀባል፤ አንዱ ወደ ቁመት፣ ቀጣዩ ወደ ወርድ፤ በየመሐሉ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ከመጨረሻው በኋላ ዘይት ቀለም ከመንካቱ በፊት ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆያል። እንዲሁም ለበርና ለመስኮት የሚሆን ሲንተቲክ ቀለም እዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ነጩ በዓመት ሁለት ዓመት ውስጥ ቢጫ ይሆናል።

ንድፉን ለማስተላለፍ ከፍርግርግ የተሻለ ነገር አላየንም። ፕሮጀክተር ያፋጥናል፤ ጨረሩ ለሸራው ቀጥ ካልሆነ ግን ግንቡ ወደ ላይ እየሰፋ ወይም እየጠበበ ይሄዳል፤ ሠዓሊውም ሳያይ የተከተለውን መስመር በኋላ ማረም አይችልም። በፍርግርግ ሲሠራ ፎቶውና ሸራው በእኩል ቁጥር ካሬ ይከፈላሉ፤ ፊትና እጅ ያለበት ካሬ ደግሞ እንደገና በአራት ይከፈላል። መስመሩ በቀጭን ከሰል ይሰመር፤ እርሳስ ተጭኖ የተሰመረበት ቦታ ዓመታት ቆይቶ በስሱ ቀለም ውስጥ ያሳያል።

ፎቶውን የሚመርጥ ሰው አንድ ነገር ይፈትሽ፦ ተገልብጦ እንዳይሆን። በኢንተርኔት ላይ ግራና ቀኛቸው የተለዋወጠ ፎቶዎች አሉ። ሰይፍ በግራ እጅ የተያዘ፣ ጋሻም በቀኝ የተነገበ ከሆነ መጠርጠር ነው። የእንግሊዝ ነገሥታት ዓርማ ባለበት ሥዕል ላይ ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በቀይ መደብ ላይ ያሉት ሦስት የወርቅ አንበሶች በጋሻ ላይ ሲሣሉ ወደ ተመልካቹ ግራ ይራመዳሉ፣ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው። ይህ ዓርማ ከቀዳማዊ ሪቻርድ ዘመን፣ ከ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ያለ ነው። በ1340 ሣልሳዊ ኤድዋርድ የፈረንሳይን ዙፋን ይገባኛል ብሎ ሰማያዊ መደብ ያለውን የወርቅ አበባ ጨመረበት። አንበሶቹን ውሻ አስመስሎ የሚሥል ገልባጭ ጥቂት አይደለም፤ በትንሽ ሸራ ላይ እያንዳንዱ አንበሳ ከጥፍር አይበልጥም፣ ስለዚህ ጀርባው፣ ጅራቱና የተነሣው የፊት እግሩ ብቻ ጥርት ብለው ቢወጡ ይበቃል።

ቀለም ሲጀመር የመጀመሪያው ድርብ ቀጭን ነው፤ በርንት አምበር የሚባለው ጥቁር ቡናማ ቀለም በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) ቀጥኖ ጥላና ብርሃኑን ብቻ ይለያል። አምበር በአንድ ሁለት ቀን ስለሚደርቅ ለዚህ ተመራጭ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድርብ ሁሉ ከበፊቱ ትንሽ ዘይት የበዛበት መሆን አለበት። ተገላቢጦሽ ሲሆን፣ ከሥር ዘይት የበዛበት ከላይ የቀጠነ ሲመጣ፣ የላዩ ቶሎ ደርቆ የታችኛው ገና እየተንቀሳቀሰ ይሰነጥቀዋል። ዘይቱ ለሠዓሊ የተጣራ የተልባ ዘይት ይሁን። ለምግብ የተጨመቀው ርካሽ ስለሆነ ይፈትናል፤ ዝልግልግ ነገሩ ስላልተለየለት ሳምንታት ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል፣ ይጠቁራል። መንገዱ አስፋልት ባልደረሰበት ሰፈር፣ የሚጣበቅ ሸራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ቡናማ ይሆናል። አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲጣል ከራሱ ሙቀት እሳት ሊያነሣ ይችላል። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ውኃ ተጨምሮበት ይቀመጥ፤ በጣውላና በቆርቆሮ በተሠራ ክፍል ውስጥ ለሚሠሩ ወጣቶች ይህ ተደጋግሞ ይነገር።

የብረት ልብስ ጥቁርና ነጭ ተቀላቅሎ አይወጣም። ያ ድብልቅ የሞተ ግራጫ ነው፤ ብረቱ ሲሚንቶ ይመስላል። ብረት የራሱ ቀለም የለውም፤ የሚያንጸባርቀው በአጠገቡ ያለውን ነው። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት አምበር ሲቀላቀሉ ጥልቅ ጨለማ ይሰጣሉ፤ ሰማያዊው ሲበዛ ቀዝቃዛ፣ አምበሩ ሲበዛ ሞቃት ይሆናል። ብረቱን ሕያው የሚያደርገው በሰማይ በኩል ቀዝቃዛውን፣ በድንጋይ በኩል ሞቃቱን ማኖር ነው። «ጎድ ስፒድ» ላይ ደግሞ ከቀዩ መቀነት ሥር በብረቱ ላይ ትንሽ የቀይ ጥላ መጣል አለበት። ያች ጥላ የአንዲት ጣት ስፋት እንኳ የላትም፤ ስትቀር ግን መቀነቱ የታሰረ ሳይሆን የተለጠፈ ይመስላል።

ጥሩር፣ ማለት በቀለበት የተሸመነው የብረት ልብስ፣ የሥራው ሁሉ ፈተና ነው። እውነተኛ ቀለበት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው። ሰው ከቁመቱ ሲሶ ሆኖ በተሣለበት ሸራ ላይ ቀለበቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ቅጂው በግማሽ ሲያንስ 1.5 ላይ ይደርሳል። ይህን አንድ በአንድ ሙሉ ክብ እያደረገ የሚሥል ሰው ሁለት ስሕተት ይሠራል፦ ጊዜው ያልቃል፣ የወጣውም የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ መላው ጥሩር እንደ ጨርቅ፣ በጥላና በብርሃን ብቻ፣ ከሚፈለገው አንድ ደረጃ ጠቆር ተደርጎ ይቀባል። ቀለሙ ሊደርቅ ሲል፣ ጣት ሲነካው ገና ሲይዝ፣ በዜሮ ቁጥር ክብ ብሩሽ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው አጫጭር ጭረቶች በረድፍ ይወርዱበታል። አንዱ ረድፍ ወደ ግራ የተከፈተ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ የተከፈተ ነው። ረድፎቹ የክንዱን ዙሪያ ይከተላሉ፤ ክርኑ ላይ ይጠጋጋሉ፣ ብብት አካባቢ ይላላሉ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት ቀበቶ ላይ ብቻ ነው። ጥላው ውስጥ ምንም አይሣልም፤ ደማቅ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ላይ ደግሞ ደረቅ ብሩሽ በሸራው ሽመና ላይ መጎተት ይበቃል፣ ሸራው ራሱ ቀለበቱን ይሠራዋል። መጨረሻ ላይ ትከሻው ጫፍ ላይ አሥር አሥራ አምስት የነጭ ነጥብ። ከዚያ በላይ ነጥብ የጨመረ ሁሉ ጥሩሩን በስኳር ነስንሶታል።

ነጭ ቀለምን በተመለከተ ዚንክ ነጭን ለወፍራም ሥራ አትጠቀሙ እንላለን፤ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ታይታኒየም ነጭ ይሻላል። አሊዛሪን ክሪምሰን የሚባለው ቀይ ደግሞ ስስ ሆኖ ሲቀባ ፀሐይ ያጠፋዋል፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ በመሆናቸው ፀሐዩ ይከብዳል፤ በትልቅ መስታወት ፊት የሚሰቀል ሥዕል ቀዩን ቀድሞ ያጣል።

«የሻሎት እመቤት» ለሚገለብጡ አንድ ማሳሰቢያ አለን። በጀልባው ፊት ሦስት ሻማ አለ፤ ሁለቱ ጠፍተዋል፣ አንዱ ብቻ ነበልባሉ በነፋስ ተገፍቶ ይነዳል። የልጅቱ ዕድሜ ሊያልቅ መቃረቡ የሚነገረው በዚህ ነው። ለማሳመር ብለው ሦስቱንም የሚያበሩ አሉ። ከዚያ ወዲያ ሥዕሉ የሽርሽር ሥዕል ነው።

እውነተኛ የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ሥዕል ለሚፈልግ ገዢ ዊልተን ዲፕቲክን እንመክራለን። ከ1395 እስከ 1399 ባለው ጊዜ የተሣለ፣ እንደ መጽሐፍ የሚዘጋ ሁለት ገበታ ነው፤ እያንዳንዱ 53 በ37 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ ተንበርክኳል፤ ከኋላው ቅዱስ ኤድመንድ፣ ቅዱስ ኤድዋርድና መጥምቁ ዮሐንስ ቆመዋል፤ በሌላው ገበታ ላይ እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ ሰማያዊ በለበሱ 11 መላእክት ተከባለች። የመላእክቱ ሁሉ ደረት ላይ የንጉሡ ምልክት፣ ነጭ አጋዘን፣ አለ። አንደኛው መልአክ በያዘው ባንዲራ ጫፍ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ክብ አለች፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስትጸዳ ውስጧ ደሴትና ነጭ ግንብ ተሥሎባት ተገኘ። ናሽናል ጋለሪ ሥዕሉን የገዛው በ1929 ነው። ይህ ሥራ ለኛ አገር ሠዓሊ ከሌይተን ይልቅ ይቀርባል። ተከፍቶ የሚዘጋ ገበታ፣ በነጭ ግርፍ ላይ የተሣለ፣ በጸሎት ፊት የሚቆም፤ የገዳማቱን ሥዕል ያየ ሰው ባዕድ አይሆንበትም።

ሲገለበጥም በዘይት ቀለም አይደለም። ገበታው የደረቀ ዋንዛ ይሁን። አንድ እጅ የቆዳ ኮላ በአሥር እጅ ውኃ አድሮ ይርሳል፤ ጠዋት በሙቅ ውኃ ላይ ተቀምጦ ይቀልጣል፣ ከፈላ ግን ጉልበቱን ያጣል። የተጣራ የጠመኔ ዱቄት እንደ እርጎ እስኪወፍር ይነሰነስበታል። ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ በስሱ ይቀባል፤ ጀርባውም ይቀባ፣ ካልሆነ ገበታው ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል። ኮላው ሲበዛ ግርፉ ይሰነጠቃል፣ ሲያንስ በጣት ይራገፋል። ቀለሙ በእንቁላል አስኳል ነው። አስኳሉ ከነጩ ተለይቶ በወረቀት ላይ ይንከባለላል፣ እስኪደርቅ፤ በሁለት ጣት ተይዞ ስልባቦቱ ይበሳና ውስጡ ይፈስሳል፤ ስልባቦቱ ይጣላል። በልኩ ውኃ ይጨመርበትና በውኃ ከተለወሰ የቀለም ዱቄት ጋር እኩል ለእኩል ይደባለቃል። ወዲያው ስለሚደርቅ ማዋሐድ የለም፤ ፊቱ የሚገነባው እንደ ፀጉር በቀጠኑ ጭረቶች ነው። ሰማያዊው በዋናው ላይ ከላፒስ ላዙሊ ድንጋይ የተሠራ አልትራማሪን ነው፤ ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራው አልትራማሪን ይተካዋል። ወርቁ ላይ ግን አታታልሉ። ወርቅ የሚመስለው የነሐስ ዱቄት መዳብ ስላለበት በጥቂት ዓመት ይጠቁራል ወይም አረንጓዴ ይሆናል። እውነተኛ የወርቅ ቅጠል የማይገኝ ከሆነ በየሎው ኦከር (በቢጫ አፈር ቀለም) ቀብቶ ይህንኑ ለገዢው መንገር ይሻላል።

አንዳንድ ሰው ቅጂ ሥዕል ስርቆት ነው ይለናል። አይደለም። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በሚሲዮናውያን እጅ ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ ሠዓሊዎቻችን ለትውልዶች ገልብጠውታል፤ ሁለቱ የተዘረጉ ጣቶቿ እንኳ ከቅጂ ወደ ቅጂ ተጠብቀው አልፈዋል። ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታ ሥዕልም በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ ከአገር ሲወጣ መልኩ በቅጂዎቹ አገር ቤት ቀርቷል። በሕግም በኩል፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የሠዓሊ የቅጂ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ደላሮሽ በ1856፣ ዋተርሃውስ በ1917፣ ሌይተን በ1922 ስለሞቱ ሥራቸውን መገልበጥ ክልክል አይደለም። የሚከለከለው ማታለል ነው። በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ የሚገለብጡ ሠዓሊዎች ቅጂያቸውን ከዋናው በተለየ መጠን እንዲሠሩ፣ የዋናውንም ሠዓሊ ፊርማ እንዳይገለብጡ ይገደዳሉ። ይኸው ደንብ እዚህም ቢለመድ ይጠቅማል፤ የሌይተንን ፊርማ ጥግ ላይ አስመስሎ ማስቀመጥ ይቅር።

ስለዚህ አዳራሽና ሆቴል የሚያስጌጡ ሁሉ ገንዘቡን ከመክፈላቸው በፊት ጀርባውን ያገላብጡ። እዚያ ላይ «ቅጂ» የሚል ቃል፣ የዋናው ሠዓሊ ስምና ዓመት፣ የዋናው ልክ፣ የገልባጩ ስም፣ የቀለሙና የጨርቁ ዓይነት፣ ያለቀበት ወር ይጻፍ። የታተመም ከሆነ «የታተመ» ይባል። ጽሑፉ በእንጨቱ ላይ በእርሳስ ይሁን፤ በሸራው ጀርባ ላይ በብዕር የተጻፈ ቀለሙ ሰርጎ ወደ ፊት ሊወጣ ይችላል። ሥዕሉ ሲሰቀልም በአዲስ የብሎኬት ግድግዳ ላይ አይለጠፍ። ልስኑ ገና ውኃ ያወጣል፤ ከኋላ በአራቱ ማዕዘን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቡሽ ተደርጎ አየር ይግባለት። በክረምት ሸራው ቢላላ ሽብልቆቹን በየተራ በትንሹ መምታት እንጂ በጀርባው ላይ ውኃ መርጨት አይገባም።

ቫርኒሹ የሚቀባው ቀለሙ ካለቀ ቢያንስ ስድስት ወር ቆይቶ ነው፤ ቀድሞ ከተቀባ የታችኛውን አፍኖ ያሰነጥቀዋል። በክረምት ሲቀባ ደግሞ እርጥበቱ ላዩ ላይ ነጭ ጉም ያስቀምጣል። በጥቅምት ያለቀ ሥዕል በሚያዝያ ይቀባል፤ በጥር ያለቀው ስድስት ወሩ ሐምሌ ላይ ስለሚውል እስከ ጥቅምት ይጠብቅ። ሥዕሉን ያዘዘው ሰው ያን ጊዜ ሸራውን ወደ ሠዓሊው መልሶ ያምጣ፤ አቧራው በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ተጠርጎ አንድ ስስ ድርብ ይቀባለታል፤ ለአንድ ቀን በጠፍጣፋ ተኝቶ ይውላል፤ የቫርኒሹም ወር ከጀርባው ካለው ጽሑፍ ሥር ይጨመራል።

ከአክብሮት ጋር፣
ቅጂ ሥዕል የምንሠራ ሠዓሊዎች
ለገጣፎ